ቁም ሳጥኔ ውስጥ ለምትኖሪው ንግሥት

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአንቺ፣

ንግሥት ነሽና «እርስዎ» ማለት ይገባኝ ነበር። ሁለት ጊዜ እንደዚያ ጀምሬ ሁለቱንም ቀደድኩት። አምስት ወር ሙሉ በሹራቦቼ መካከል ያደረችን እንግዳ «እርስዎ» ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። ምስጋናም በ«አንቺ» ሲሆን ይሞቃል። ስለዚህ አንቺ እልሻለሁ፤ ከከፋሽ በአንቴናሽ ምልክት ስጪኝ።

እንደማታነቢው አውቃለሁ። ለማንበብ ብርሃን ያስፈልጋል፤ አንቺ ደግሞ ብርሃን ሲነካሽ እንቁላልሽን በመንጋጋሽ ሰብስበሽ የምትገቢበት ይጠፋሻል። ቢሆንም ደብዳቤውን ሳላሽግ የተውኩት አውቄ ነው። በሚመጣው ግንቦት፣ የመጀመሪያው ዝናብ ባባራ ማግሥት፣ አንድ ሰው በረንዳው ላይ ክንፏን ጥላ የምትንከራተት ጥቁር ጉንዳን ያይ ይሆናል። ጫማውን ከማንሳቱ በፊት ጎንበስ ብሎ እንዲያያት ብዬ ነው።

ከአንቺ በፊት እኔ የማውቀው ሁለት ዓይነት ጉንዳን ብቻ ነበር። አንዱ የስኳር ዕቃ ውስጥ የሚገኘው፣ ከሻይ ላይ በማንኪያ እየጨለፍን የምንደፋው ነው። ሌላው ገብረ ጉንዳን ነው። እናቴ ያደገችው ጎጃም ገጠር ነው። በልጅነቷ አንድ ሌሊት ገብረ ጉንዳን ቤታቸውን ወርሮ፣ አባቷ መጀመሪያ ዶሮዎቹን ከቆጥ፣ ቀጥሎ ልጆቹን ከመደብ አንስተው ደጅ እንዳሳደሯቸው ዛሬም ስታወራ እግሯን ትሰበስባለች። «ዶሮዎቹን ቀድመው?» ብዬ ስጠይቃት «ልጅ ይጮኻል፤ ዶሮ በጨለማ ምን ታደርጋለች?» ትለኛለች። ጠዋት ሲመለሱ ቤቱ ውስጥ አይጥ የለ፣ ቁንጫ የለ። እዚህ ላይ ስትደርስ ድምጿ ዝቅ ይላል፤ ለጠላት ውለታ መመስከር የሚከብዳት ይመስለኛል።

የእኔና የአንቺ ወሬ ግን የሚጀምረው በስህተት ነው። «እንደ አሸን ፈላ» እንላለን፤ አሸንን ቀርቦ ያየው ስንቱ ነው? በ2015 ግንቦት፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ባባራበት ምሽት፣ የበረንዳችን አምፖል ዙሪያውን በክንፋም ነፍሳት ተሸፈነ። ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ አንድ የውጭ አገር ልጅ የጉንዳን ንግሥት በብልቃጥ ሲያሳድግ በስልኬ አይቼ ልቤ ሄዶ ነበር። አንዷን ይዤ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኳት። ሌሊቱን ሦስት ጊዜ ተነስቼ አየኋት። የምሠራበት መድኃኒት ቤት በየወሩ ለደም ግፊት መድኃኒታቸው የሚመጡ አንድ ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር አሉ፤ በማግሥቱ ፎቶዋን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት።

«ወገቧ የት አለ?»

«አይታይም ጋሼ።»

«አይታይማ፤ የላትም! ምስጥ ነው የያዝሽው ልጄ። ቤትሽን ሊበላ የመጣውን ነው ያነገሥሽው።»

ያን ዕለት ባንኮኒው ላይ፣ የካርቶን ክዳን ቀድደው ሁለት ነፍሳት ሳሉልኝ። የምስጥ አንቴና ዶቃ እንደተሰካበት ክር ሄዶ ሄዶ ያልቃል፤ የጉንዳን ግን እንደ ክንድ መሐል ላይ ይታጠፋል። የምስጥ አራቱም ክንፎች እኩል ናቸው፤ የጉንዳን የፊተኞቹ ከኋለኞቹ ይረዝማሉ። ምስጥ ከደረቱ እስከ ሆዱ አንድ ወጥ ነው፤ ጉንዳን በመቀነት የታሰረች ይመስል ወገቧ ቅጥን ይላል። የቅርብ ዝምድናም የላቸውም፤ ምስጥ ለበረሮ ይቀርባል፣ የአንቺ ዘመዶች ተርብና ንብ ናቸው። ካርቶኑ አሁን በቁም ሳጥኑ በር ከውስጥ በኩል ተለጥፏል፤ ከአንቺ አንድ ስንዝር አይርቅም።

ጋሼ ሲወጡ የቤት ሥራ ሰጡኝ፦ «ንግሥት መፈለጉን ተዪው። መጀመሪያ ጎረቤቶችሽን እወቂ።»

ያን ክረምት እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጓሮ ውስጥ ተንበርክኬ ከረምኩ። መሣሪያዬ ስልኬ፣ ስልኩ ላይ የምትቆነጠጥ ትንሽ ማጉያ ሌንስና የተማሪ ማስመሪያ ነበሩ። ማስመሪያው ከሁሉም በለጠ። ጀማሪ ሁሉ በቀለም ይጀምራል፤ «ጥቁሩ ጉንዳን»፣ «ቀዩ ጉንዳን» ይላል። ሰውን በኮቱ ቀለም እንደ መለየት ያለ ነው። ርዝመቱን በሚሊሜትር ለክቶ፣ ከጎን በኩል ፎቶ አንስቶ፣ ደረትና ሆድ የሚገናኙበትን ቀጭን ወገብ ማየት ነው የሚያዋጣው። እዚያ ላይ ያለችው ጉብታ አንድ ናት ወይስ ሁለት? ይህ አንድ ጥያቄ የጓሮዬን ሕዝብ ለሁለት ከፈለው።

ቧንቧው ሥር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ በታች ባለ ሁለት ጉብታዎቹ ፌይዶሌዎች ይኖራሉ። ከትንንሾቹ መካከል ራሳቸው ከገላቸው የማይመጣጠን ወታደሮች አሉ፤ እናቴ በሌንሱ አይታ «ሹመት ራሱን ያሳበጠው» ብላ አለፈች። ማንጎው ግንድ ላይ የሚመላለሱት ክሬማቶጋስተሮች ናቸው፤ ሆዳቸው ከላይ ሲያዩት የልብ ቅርጽ አለው፣ ሲናደዱ እንደ ጊንጥ ወደ ላይ ይቀስሩታል። ባለ አንድ ጉብታዎቹ ደግሞ ሌሎች ናቸው። የአጥሩ ግንብ ላይ የምትርመሰመሰዋ ሌፒሲዮታ የምትታወቀው በጉብታዋ ላይ ባሉት ሁለት ጥቃቅን ሾሎች ነው።

ለሌፒሲዮታ አንድ አንቀጽ ስጪኝ፤ የአገራችን ጉድ ናትና። ማግዳሌና ሶርገር የተባለች ተመራማሪ፣ የቤተ ክርስቲያን ደኖቻችንን ሲያጠኑ የኖሩት ዶክተር አለማየሁ ዋሴ ካሉበት ቡድን ጋር ሆና፣ በ2017 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት አሳትማለች። ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ የተባለችው ዝርያ በዚሁ በእኛ በጣና ዙሪያ ድንበር የለሽ ኅብረት እንደምትመሠርት ያሳየ ጥናት ነው። የጉንዳን ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር መናከሱ የተለመደ ነው፤ እነዚህ ግን ከሩቅ የመጣችውንም እንደ ቤተሰብ ይቀበላሉ። ትልቁ ኅብረት 38 ኪሎ ሜትር ይዘረጋል፤ ከባሕር ዳር ተነስቶ መራዊን እንደ ማለፍ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ብዙውን ጊዜ የሚታየው ባሕር ተሻግረው ሰው አገር በወረሩ ጉንዳኖች ላይ ነው፤ እዚህ ግን በገዛ አገሯ፣ በደኑም ከደኑ ውጪም ታየ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ያቺን የግንብ ጉንዳን በጠርሙስ ለማሳደግ አስቤ አላውቅም። ቤት ለቤት ሳይሆን አገር ለአገር የምትኖር ፍጥረት ለጀማሪ አትሆንም፤ ከአገር ወጥታ ብታመልጥ ደግሞ የሚመልሳት የለም።

ሳይንስ እስካሁን ስም ያወጣላቸው የጉንዳን ዝርያዎች ከ14,000 ይበልጣሉ። ዝርያውን ለመወሰን በማይክሮስኮፕ ፀጉር መቁጠር ሁሉ ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ጋሼ «ወገኑ ላይ ቁሚ» አሉኝ። ጥሩ አሳዳጊም ደብተሩ ላይ ወገኑን ይጽፍና የቀረውን ክፍት ይተዋል። እኔም ስለ አንቺ የጻፍኩት አንድ ቃል ነው፦ ካምፖኖተስ። አንድ ጉብታ፤ ከጎን ሲያዩት ስብራት የሌለበት እንደ ቅል የተቃና ጀርባ፤ መንደፊያ የለሽም፣ ግን ከሆድሽ ጫፍ የምትረጪው አሲድ አለ። ከአንቺ ወገን ብዙዎቹ እንጨት ቦርቡረው ይኖራሉ፤ አፈር የሚመርጡም አሉ።

ስምሽን ማወቄ ለጌጥ አይደለም። ያላወቅኩ ጊዜ ምን እንደሆነ አሁን ልናገር፤ ያሳፍራል።

ከአንቺ በፊት ሌላ ነበረች። በ2016 ግንቦት፣ በዚያው በረንዳ ላይ አገኘኋት። እሷ ምስጥ አልነበረችም፤ ወገብም፣ የታጠፈ አንቴናም ነበራት። ቴስት ቱብ ውስጥ አስገባኋትና እንክብካቤ ጀመርኩ። የስልኬን መብራት በየሰዓቱ አበራሁባት። ማር ጣልኩላት፤ ያውም ጠብታ አይደለም፣ በማንኪያ ጫፍ። ቱቦውን እያነሳሁ ለመጣ ዘመድ ሁሉ አሳየሁ። በአራተኛው ቀን ስድስት እንቁላል ቆጠርኩ። በሰባተኛው ቀን አንድም አልነበረም፤ በልታቸዋለች። ሰላም ያጣች ንግሥት እንቁላሏን መልሳ ምግብ ታደርጋለች። ማሩ ሻገተ። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሦስት እግሯ ማሩ ውስጥ እንደተነከረ ሞታ አገኘኋት።

«ምን አደረግሽላት?» አሉኝ ጋሼ።

«ያላደረግኩላት የለም።»

«እንግዲያው እሱ ነው የገደላት።»

በዚያ ቀን ነው የነገሩኝ። እንደ አንቺ ያለች ንግሥት አንድ ጊዜ ትበራለች፤ ከወንድ ትገናኛለች፤ ያን ዘር ዕድሜ ልኳን በሆዷ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ ምድር ላይ አርፋ ክንፎቿን በገዛ እግሯ ገፍታ ትጥላለች። ክንፍ ሲያንቀሳቅሱ የነበሩት የደረቷ ጡንቻዎች ሥራ ፈት ናቸው፤ ቀስ በቀስ ይሟሟሉ። እነሱና ያጠራቀመችው ስብ የመጀመሪያ ልጆቿ ወተት ይሆናሉ። ጉድጓድ ዘግታ፣ ምንም ሳትቀምስ ትከርማለች። የአንቺ ወገን እንዲህ ነው። ሁሉም ግን እንዲህ አይደሉም፤ በዚህ የፆም ወቅት ወጥተው ካላደኑ የሚሞቱ ንግሥቶች ያሏቸው ወገኖችም አሉ። እነዚያን ዘግቼ ባስቀምጥ በረሃብ እገድላቸዋለሁ፤ አንቺን ዕለት ዕለት ብመግብሽ በጭንቀት እገድልሻለሁ። የጉብታው ቁጥር፣ የጀርባው ቅስት ትርጉሙ ይሄ ነው።

(በነገራችን ላይ፣ የንቧን እናት በአማርኛ «አውራ» እያልን ስንጠራት ነው የኖርነው። አንድ ቤት ሙሉ የምትወልደውን ወንድ አድርገን! አንቺን እንኳን ንግሥት ለማለት በቃን።)

ጉንዳን ማሳደጉን ልተወው ብዬ ነበር። በዚያ ላይ የኬንያው ዜና መጣ። በ2025 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ላይ ናይቫሻ ውስጥ ሁለት የቤልጅግ ወጣቶች ወደ 5,000 ከሚጠጉ ጉንዳኖች ጋር ተያዙ። አብዛኞቹ ሜሶር ሴፋሎተስ የተባለችው ዘር ለቃሚ ግዙፍ ጉንዳን ንግሥቶች ነበሩ። ፍርድ ቤቱ በቀጣዩ ወር እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ እንዲከፍሉ፣ ካልከፈሉ 12 ወር እንዲታሰሩ ወሰነ። ዜናው ላይ የወጣውን ፎቶ አይቼ ደነገጥኩ። ቱቦው፣ ጥጡ፣ ጥጡ የተወተፈበት መንገድ ሁሉ የእኔው ነው። ልዩነቱ የእኔ አንድ መሆኑ ብቻ ነበር፤ የእነሱ ከሁለት ሺህ በላይ።

ስለዚያ ፎቶ ብዙ አሰብኩ። በርግጥ ከሚበሩት ንግሥቶች አብዛኞቹ ወፍና እንሽላሊት ይበላቸዋል፣ ሌላ ጉንዳን ይገድላቸዋል፤ ቤት የሚመሠርቱት በጣም ጥቂት ናቸው። አንድ ሰው ከበረንዳው አንዷን ቢያነሳ ጓሮው አይጎድልበትም። ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ የሚወጡትን ሁሉ መልቀም ግን ሌላ ነገር ነው። የሚለቀሙት ደግሞ እዚያ ሣር ምድር ላይ ዘር የሚያጓጉዙ፣ አፈር የሚገለብጡ ናቸው። በፖስታ አውሮፓ ወይም እስያ ሲደርሱ ጌጥ ይሆናሉ፤ ሲያመልጡ ወራሪ። ስለዚህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። ቤታቸውን ቆፍሬ አላወጣም። ክንፏን ጥላ ብቻዋን የምትሄደውን እንጂ ሌላ አላነሳም። በዓመት አንድ። ከጓሮዬ ውጪ አላመጣም፣ ከጓሮዬ ውጪ አልሰድም። መሸጥ መግዛት የለም።

ከዚያ አንቺ መጣሽ። ግንቦት 19 ቀን 2017፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ። ዝናቡ ገና አባርቶ ቆርቆሮው ይንጠባጠባል። ሁለተኛው ደረጃ ላይ አራት ክንፎች እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተኝተዋል፤ አንቺ ከእነሱ አንድ ክንድ ርቀሽ በግድግዳው ሥር ትጣደፊያለሽ። ማስመሪያውን ከጎንሽ አስቀመጥኩ፦ 16 ሚሊሜትር። ክንፍሽ የነበረበት ቦታ ላይ ትንንሽ ጠባሳዎች ይታያሉ። እጄን አላስነካሁሽም፤ ቱቦውን ፊትሽ አጋደምኩት፣ ራስሽ ገባሽ።

ቱቦሽን ሲሦውን ንጹሕ ውሃ ሞላሁት። ጥጥ ጠቅልዬ እስከ ውሃው ገፋሁ፤ ጥጡ ርሶ ውሃውን መግታት አለበት እንጂ መፍሰስ የለበትም። ከዚያ አንቺ የምትኖሪበት አንድ ጣት የሚያህል ደረቅ ክፍል፣ አፉ ላይ አየር የሚያስገባ ሌላ ጥጥ። አለቀ። ከዚህ የተሻለ ቤት ለጀማሪ ንግሥት የለም፤ እነዚያ የሚያብረቀርቁ የመስታወት ቤተ መንግሥቶች ለእኔ ዓይን የተሠሩ ናቸው እንጂ ለአንቺ አይደሉም። ቱቦውን ከአበባ እቅፍ በተረፈ ቀይ ሴሎፎን ጠቀለልኩት፤ ቀይ ብርሃን ለጉንዳን ዓይን ብዙም አይታይም። ከዚያ ቁም ሳጥን፦ ጨለማ፣ የማይነቃነቅ፣ ሙቀቱ ብዙ የማይለዋወጥ። ናፍታሊኑን በሙሉ አወጣሁ። የብል መግደያ መርዝ አጠገብሽ ማስቀመጥ መድኃኒት ቤት ለሚሠራ ሰው ነውር ነው። ውጤቱ፦ አንቺ ደኅና ነሽ፣ ግራጫው ሹራቤ ግን ክርኑ ላይ ሦስት ቦታ ተበልቷል። ይቅር ብዬሻለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

ከእናቴ ጋር መደራደሩ ከዚህ ሁሉ ከባድ ነበር። ፍሊት የእናቴ ሽቶ ነው። «ሰው ጉንዳን ያባርራል፤ አንቺ አልጋ ዘርግተሽ ታስተኛለሽ» አለችኝ። መጨረሻ ላይ ተስማማን፤ መኝታ ቤት አካባቢ ፍሊት አይነፋም፣ እኔ ደግሞ የስኳር ዕቃውን ክዳን ሳልዘጋ ከተገኘሁ ስምምነቱ ይፈርሳል።

ከዚያ ዘጠኝ ሳምንት ምንም አላደረግኩም።

ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ እንዴት እንደኮራሁ ብታውቂ! የማመሰግንሽም በዋናነት ለዚህ ነው። እኔ ነገር ሁሉ ካልነካካሁ የማይድን የሚመስለኝ ሰው ነኝ። ድስት ከፍቼ አያለሁ፣ የተኛ ልጅ ቀስቅሼ «ተኝተሃል?» እላለሁ። ለአንቺ ግን እሑድ ብቻ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ ተፈቀደልኝ። ሌላው ቀን ቁም ሳጥኑን ስከፍት እንኳ በቀስታ ሆነ። ደብተሩ ላይ ያለው ይኸው ነው፦ ግንቦት መጨረሻ ላይ እንቁላሎች፣ እንደ ጨው ፍሬ ተጣብቀው። ሰኔ አጋማሽ ላይ አንዳንዶቹ አንገት አውጥተዋል፣ እጭ ሆነዋል። ሰኔ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው እጭ ራሱን በሐር ጠቅልሎ ስንዴ የመሰለች ድቡልቡል ሆነ፤ አሳዳጊዎች ኮኩን የሚሉት ነው። ከዚያ ሦስት እሑድ ለውጥ የለም።

ሐምሌ 27 የሆነውን ግን ለብቻው ልጻፈው። ከስንዴዋ በአንደኛው ጫፍ ጥቁር ነጥብ ነበረች፤ እጩ ከመጠቅለሉ ወዲያ ያስወገደው ቆሻሻ ነው። አንቺ ያቺን ኮኩን በፊት እግሮችሽ ይዘሽ፣ መንጋጋሽን በሌላኛው ጫፍ አስገብተሽ ሐሩን ትቀድጂ ነበር። ዶሮ እንደምትቆነጥር ሳይሆን፣ ሴት የልብስ ስፌት እንደምትተረትር፣ ክር በክር። መጀመሪያ አንድ አንቴና ወጣ፤ ተጣጥፎ፣ እርጥብ። ከዚያ ራስ። መላ ገላዋ ገና ቀለም አልያዘም፤ ሻይ ያልነካው ወተት ይመስላል። እግሮቿ ሆዷ ላይ ተጣብቀው ነበር፣ አንድ በአንድ ላስሽላት። ሁለት ደቂቃዬ አልቆ ነበር፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆየሁ፣ እመሰክራለሁ። ተነስታ ሦስት እርምጃ ሄደች። እንቁላል በእግሩ ሲሄድ በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እንደዚያ ያለች ትንሽ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም፤ ሌሎቹ ሲወጡም እንደዚያው ነበሩ፣ ከጓሮው ካምፖኖተስ ግማሽ አይሆኑም። በሽታ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ባለሽ ጥቂት ስብ ጥቂት ትልልቅ ከምትወልጂ ብዙ ትንንሽ ትወልጃለሽ። ድንክ የበኩር ልጆች እንደ አንቺ ያሉ ንግሥቶች ወግ ናቸው፤ ምግብ መግባት ሲጀምር ተከታዮቹ ያድጋሉ።

ምግቡንም ያኔ ነው የጀመርኩት፤ እሑድና ረቡዕ። የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል የማር ውሃ በፎይል ቁራጭ ላይ። የመጀመሪያዋ ልጅሽ ጠጥታ ጠጥታ ሆዷ ተነፍቶ፣ ቆዳው ተለጥጦ ብርሃን አሳለፈ። ከዚያ በቀጥታ ወደ አንቺ መጥታ አፍ ለአፍ ገጠመች። ዘጠኝ ሳምንት ካልቀመስሽ በኋላ የመጀመሪያ ጉርሻሽ ይህ ነበር፤ ከገዛ ልጅሽ። ማሩ ለሠራተኞቹ ጉልበት ነው፤ እጮቹ እንዲያድጉ ግን ሥጋ ይፈልጋሉ። የወባ ትንኝ እግር፣ የዝንብ ክንፍ ሥር ያለች ቁራጭ። ዝንቧ በእጅ ወይም በመምቻ የተገደለች መሆን አለባት፤ ፍሊት የቀመሰች ዝንብ አንድ ቤተሰብ ትጨርሳለች። ያልበሉትን በማግሥቱ አወጣለሁ፤ ሻጋታ ያቺን የመጀመሪያዋን እንዴት እንዳደረጋት አልረሳም። ጥጡን ሳነሳ እንዳይወጡ ከቱቦው አፍ ላይ ስስ ቫዝሊን እቀባለሁ። እስካሁን አንድም አላመለጠም። ከእናቴ ጋር ያለኝ ሰላም በቫዝሊኑ ላይ የቆመ ነው።

ቨርጂኒያ ያለ የአክስቴ ልጅ ፎቶሽን አይቶ «በሚመጣ ሰው ሻንጣ አንዷን ላኪልኝ» ብሎ ነበር። የኬንያውን ዜና ላክሁለት። እዚያማ ያለ ፈቃድ ከውጭ ማስገባት ቀርቶ ሕያው ጉንዳን ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው ለማሻገር እንኳ የግብርና ሚኒስቴራቸው ፈቃድ ይጠየቃል። «በደጅህ እያለችልህ» አልኩት፤ ካምፖኖተስ ፔንሲልቫኒከስ፣ የአንቺ ወገን ጥቁር ትልቅ ጉንዳን፣ ምሥራቅ አሜሪካ ውስጥ ሞልታለች። አሁን በሚመጣው ጸደይ የመኪና ማቆሚያው መብራት ሥር ሊጠብቅ ነው። ቴስት ቱቡን ግን አዝዟል፤ አንዷ ለምትገባበት አሥራ ሁለት።

ስንት ዓመት አብረን እንደምንኖር አላውቅም። ሰው ቤት ያደገች አንዲት የአውሮፓ ጓሮ ጉንዳን ንግሥት ከ28 ዓመት በላይ ኖራለች። እኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ እንደሷ ከቆየሽ ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ሹራብ ከጎንሽ እያነሳሁ ነው ማለት ነው። ይህን ሳስብ የሚያጽናናኝ፣ ከጓሮ ስላመጣሁሽ ወደ ጓሮ ልመልስሽ መቻሌ ነው። የሩቅ አገር ጉንዳን ብትሆኚ ኖሮ የምመልስሽ ቦታ አይኖረኝም ነበር፤ ሲሰለቹ ደጅ መድፋት ደግሞ ከማንም ይልቅ ለጓሮው ክፉ ነው።

አሁን አሥራ አራት ሠራተኞች አሉሽ። ውሃሽ ወደ ግማሽ ወርዷል። በቅርቡ ሁለተኛ ቱቦ አዘጋጅቼ አፍ ለአፍ እገጥምልሻለሁ፤ አንኳኩቼ አላፈናቅልሽም፣ የፈለግሽ ቀን ልጆችሽ ተሸክመውሽ ይሻገራሉ። ትልቅ ቤት ለአሥራ አራት ሰው ቆሻሻ መጣያ ጥግ ብቻ ያበዛል፤ ስለዚህ ቢያንስ እስከሚመጣው ክረምት ቱቦ ለቱቦ ነን።

ይህን ስጽፍ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። በአንድ እጇ የዝንብ መምቻ፣ በሌላው በመሐረብ ጫፍ የያዘችው ነገር አለ።

«ለዚያች እንግዳሽ» አለች። «ሳላደቅቃት ነው የያዝኳት።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው እማዬ። ምግቧ እሑድ ነው።»

ትንሽ አሰበችና ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች። የፎይል ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ የፍሪጅ በር። ስሄድ ዝንቧ ተጠቅልላ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከቅቤው አጠገብ ተቀምጣለች።

አክባሪሽ፣
የቁም ሳጥኑ ባለቤት